የጠዋት ጨርቅ

አባዬ ማለዳ ተነስቶ፣ ቡና አፉ ሳይገባ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መኪናውን መወልወል ነው። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና ከበሩ ጀርባ፣ ከሚስማሩ ላይ ጨርቁን ያነሳል። ከኮፈኑ ይጀምራል፤ በጣሪያው ያልፋል፤ በስፖርቴሎዎቹ ዞሮ የኋላው ፓራውልት ላይ ይጨርሳል። ሌሊት ያረፈው አቧራ ተነስቶ ከሥሩ ያ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ብቅ ሲል፣ ጥቂት ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ያየዋል። ከዚያ በኋላ ነው «ቡናው ደረሰ?» የሚለው። ጨርቁ ይለዋወጣል፤ አንድ ዘመን የእናቴ ቀሚስ ነበር፣ አንድ ዘመን የእኔ የትምህርት ቤት ሸሚዝ። መኪናው ግን ያው ነው፤ በፈረንጆቹ የ1980ዎቹ ቶዮታ ኮሮላ፣ አዲስ አበባ «ዲኤክስ» እያለች የምትጠራው።

ጨርቁን ልብ በሉልኝ። ለጊዜው እዚያው ሚስማሩ ላይ እንተወውና ወደ ከተራ ልውሰዳችሁ።

በ2017 ዓ.ም ከተራ ቅዳሜ ዋለ። እህቴ እቁብ ደርሷት የገዛቻትን ብርማ ቪትዝ፣ ከስድስት ኪሎ ወረድ ብሎ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ፣ ቀኝ ጎኗን ለግንብ አስጠግታ አቆመቻትና ታቦት ለመሸኘት ወረደች። ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ወደ ጃንሜዳ ሲጎርፍ ያቺ መንገድ ጢም አለች። እልል የሚሉ እናቶች፣ እየዘለሉ የሚጨፍሩ ጎረምሶች፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ዣንጥላ የዘረጉ፣ ዱላ ያነሱ፣ ሁሉም በዚያች መኪናና በወዲያኛው አጥር መሃል ተጣበው አለፉ። ማንም ክፉ አላሰበም። የቀበቶ ዘለበት፣ የቦርሳ ዚፕ፣ የዣንጥላ ጫፍ ግን ባለቤቱ ሳያውቅ የሚሠራው ሥራ አለ። ማታ ስትመለስ የቪትዟ ግራ ጎን ከፊት ፓራፋንጎ እስከ ኋላ መብራት ድረስ ተሞነጫጭሮ ጠበቃት።

እህቴ አላለቀሰችም። ግን ሠርጓ ጥር 25 ነበር፤ የቀረው አሥራ አምስት ቀን ነው። እሷ በአባዬ ዲኤክስ ከቤት ልትወጣ፣ ሚዜዎቿ በቪትዟ ከኋላ ሊከተሏት ከተወሰነ ወር አልፎታል።

በዓሉ እንዳለፈ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ሰውየው አንዴ ዞራትና «ሁለቱ ስፖርቴሎና ፓራፋንጎዎቹ ሙሉ ይቀባሉ» አለን። አላጎነበሰም፤ በጣቱም አልነካትም። ዋጋው እህቴን አስደነገጣት። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ቀለሙ የሚጠነክረው ወንበርም፣ ሽቦም፣ ጎማም ሳይገባለት፣ ባዶ ቆርቆሮ ሆኖ ወደ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ምድጃ ውስጥ ተጋግሮ ነው። ተገጣጥሞ ያለቀ መኪና ያን እሳት አይችለውም። ስለዚህ የጋራዥ ቀለም ምንም በጥሩ እጅ ቢረጭ ሌላ ቀለም ነው። ደላላ ይህን ያውቃል፤ ገዢም ያውቃል። በጣት ጫፍ እያንኳኩ፣ ማግኔት እያስጠጉ፣ ከሥር ስቱኮ ይኑር አይኑር የሚፈልጉት ለዚህ ነው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ የፋብሪካ ቀለሟ ያልተነካ አሮጌ መኪና በየዓመቱ ቁጥሯ የሚያንስ እንጂ የሚጨምር አይደለም። ያንን ገላ ለፀጉር ጭረት ብዬ በብርጭቆ ወረቀት ላስፍቀው? ሆዴ እምቢ አለኝ። መኪናዋን ይዘን ተመለስን።

ከቤታችን ጀርባ አንድ አዛውንት አሉ፤ አርባ ዓመት መኪና የቀቡ ሰው ናቸው። ዛሬ ደረታቸው ስለማይፈቅድላቸው መርጫ አይነኩም። በእሳቸው ጊዜ አፍን በሻሽ ሸፍኖ መርጨት እንጂ ስለ ማስክ የነገራቸው አልነበረም፤ ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለው ቀለም ሲረጭ የሚወጣው ብናኝ ሳንባን እንደሚጎዳ የሰሙት ከተጎዱ በኋላ ነው። አሁንም በየመንገዱ በባዶ አፋቸው መርጫ ይዘው የሚሠሩ ልጆችን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሸበራል። ይህን ሳልናገር ማለፍ ስላልቻልኩ ነው፤ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ጋሼ ሥራ የጀመሩት ናይትሮ በሚባለው ቀለም ነው። መኪና እንደ መስኮት በብሩሽ እየተቀባ ለሳምንታት ደረቀ አልደረቀ ይባል የነበረውን ዘመን ያስቀረው ያ ቀለም ነው፤ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ የአሜሪካው ዱፖንት «ዱኮ» ብሎ ሲያወጣው የሳምንታቱ ሥራ ወደ ቀናት ወረደ። ናይትሮ ግን ፈጥኖ ይደርቃል እንጂ እንደ ዛሬው ቀለም ራሱ አያበራም። ደብዝዞ ይደርቅና በኮምፓውንድ እየተፈተገ ነው ብርሃን የሚያወጣው። እንግዲህ ጋሼ ጎረምሳ ሳሉ ሌላው ሲረጭ እሳቸው ይፈትጉ ነበር፤ ጠዋት ጀምረው ማታ ድረስ፣ በእጅ። መፈተግን ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ በሰፈራችን የለም። ሄጄ ለመንኳቸው።

ረቡዕ ጠዋት መጡ። መኪናዋን ከማየታቸው በፊት «ውሃ በብርጭቆ አምጣልኝ» አሉኝ። የሚጠጡት መስሎኝ አቀረብኩ። የፊተኛው ስፖርቴሎ ላይ ቀስ አድርገው አፈሰሱት። ውሃው በወረደበት ሁሉ ጭረቱ ድራሹ ጠፋ!

«ጋሼ፣ ለቀቀ እኮ!»

«አልለቀቀም፤ ቆይ።»

ቆየን። ውሃው ሲደርቅ ጭረቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። «ውሃው ቦዩን ስለሞላው ብርሃኑ ሳይደናቀፍ አለፈ። ሲደርቅ ቦዩ ባዶ ሆነ፤ ብርሃን ጠርዙ ላይ እየተሰበረ ለዓይንህ ነጭ መስመር ሆኖ ታየህ። ውሃ የሚያጠፋውን ጭረት እጅህ ያጠፋዋል፤ ከቀለሙ በላይ ባለው ክሊር ላይ ነው ያለው። ውሃ ያላጠፋውን ግን በመፈተግ አታጠፋውም።» ከዚያ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ከጭረቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ጎተቱ። «ደግሞ ይኸው። ጥፍር ካልያዘው ደህና ነው። ትንሽ ከጎተተው ተጠንቀቅ። ገብቶ ከቆመ ተወው።»

እንዲህ እያደረጉ ጎኗን ሁሉ በስልኬ መብራት ዞሩ። መብራቱን ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን አጋድመው ነው የሚያበሩት፤ ያኔ ነው የተኛ ጭረት የሚነሳው። ከኋላው ፓራፋንጎ ላይ ያለ አንድ ወፍራም ጥቁር መስመር ከሁሉ በላይ አስፈርቶኝ ነበር። ጨርቃቸውን በአልኮል ነክረው አሹት፤ በአራት ምልልስ ጨርቁ ላይ ወጣ። የዣንጥላ ጫፍ ወይም የጫማ ጎማ ትቶት የሄደው ነገር ነው እንጂ ጭረት አልነበረም። ቀሪዎቹን ቆጠሩ። ሃያ ሦስት። አሥራ ዘጠኙ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ሦስቱ ጥፍር ሲያልፍባቸው ያንገራግጫሉ። አንዱ፣ ከበሩ እጀታ በታች ያለው፣ ጥፍር አስገብቶ ያቆማል፤ በውስጡም ግራጫ ይታያል።

«ጋቢ ስንት ድርብ ነው?» አሉኝ በድንገት።

«አራት።»

«መኪናም አራት ድርብ ነው የለበሰው። ከቆርቆሮው ቀጥሎ ከዝገት የሚጠብቀው አለ። ከእሱ በላይ ግራጫው ፕራይመር። ከዚያ ቀለሙ። ከሁሉ በላይ ክሊሩ፤ ቀለም የለውም፣ መስተዋት ነው። ጋቢ ግን ወፍራም ነው፤ ይሄ ስስ ነው።»

ምን ያህል እንደሚሳሳ በቁጥር ልንገራችሁ። በፋብሪካ መኪና ላይ አራቱም ተደምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆኑ ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ቢደርስ ነው፤ የሰው ፀጉር እንኳ ወደ 70 ይጠጋል። ከአንዲት ፀጉር በቀጠነ ነገር ላይ ነው እንግዲህ ስንፈትግ የምንውለው። የአዲስ አበባን ፀሐይ ችሎ ከሥሩ ያለውን ቀለም ከመንጣት የሚጠብቀውም ያው ስስ ነገር ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብለን እየኖርን ፀሐዩ ለቆዳችንም ለመኪናችንም አይራራም።

ታዲያ ጋሼ ያን ዕለት የነገሩኝ አንድ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ጭረት አይነቀልም፣ ልጄ። ጭረት ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓድ እንዴት ይነቀላል? አንተ የምታደርገው ዙሪያውን ዝቅ አድርገህ ከጉድጓዱ ወለል ጋር ማስተካከል ነው። አንዴ ያወረድከው ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።»

ሐሙስ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ሻካራውን ኮምፓውንድ፣ ለስላሳውን ፖሊሽ፣ አንድ ቆርቆሮ ሰም፣ ሦስት የስፖንጅ መፈተጊያ፣ ስድስት የማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ባለ 2000 እና ባለ 3000 የብርጭቆ ወረቀት ገዛሁ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ እንደሚለሰልስ ሻጩ ደግሞ ደጋግሞ ነገረኝ። ስመለስ አንድ ጎረቤት «የጥርስ ሳሙና እያለ ምን አደከመህ?» አለኝ። ነገሩ ከመሬት ተነስቶ የተወራ አይደለም፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ጥርስን የሚፈትግ ደቃቅ የድንጋይ ብናኝ አለ፤ በጣም ቀላል የሆነውን ጭረት ያደበዝዘዋል። ግን ለጥርስ እንጂ ለክሊር ተለክቶ አልተፈጨም። ያሹበት ቦታ ጉም የመሰለ ነገር ይተዋል፤ ያን ጉም ለማንሳት ያው ፖሊሽ ያስፈልጋል።

ቅዳሜ የእኛ የውሃ ፈረቃ ነበር። አባዬ ሁለቱን በርሜል፣ እናቴ ጀሪካኖቹን ሁሉ ሞልተው ጠበቁኝ። ማጠቡ ከመፈተጉ የማያንስ ሥራ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ጋሼ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡና ከዚያ ሆነው አዘዙኝ። መጀመሪያ ምንም ሳልነካት ከጣሪያዋ ጀምሬ ውሃ ብቻ አፈሰስኩባት፤ አቧራው በራሱ ጊዜ ይውረድ። ከዚያ ሁለት ባልዲ፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ። ስፖንጁ መኪናዋን በነካ ቁጥር መጀመሪያ ንጹሑ ውሃ ውስጥ ታጥቦ ነው ወደ ሳሙናው የሚመለሰው። በአንድ ባልዲ የሚያጥብ ሰው ከጎማው ያነሳውን አሸዋ ኮፈኑ ላይ ይዞ ይሄዳል። ሳሙናው የልብስ ዱቄት እንዳይሆን አስጠነቀቁኝ፤ የመኪና ሻምፖ ነው፤ ኦሞ ሰሙን ገፎ ክሊሩን ራቁቱን ያስቀረዋል። ደረቅ አቧራ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ የሚጀምር ላቫጆ ስንት አይቻለሁ!

ስታበቃ ከቤቱ ግድግዳ ጥላ አስገባናት። ቆርቆሮው በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ በፀሐይ የጋለ ገላ ላይ ኮምፓውንድ ሳይሠራ ይደርቃል። የበሩን ጠርዝ፣ የጎማውን ጌጥ፣ ስለት የመሰለውን የጎን መስመር ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩ። ጠርዝ ላይ ቀለም ሲረጭም ስስ ነው፣ ሲፈተግም ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ እኔ ዘንግቼው የሆነውን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ጋሼ ኮምፓውንዱን ከፍቼ ስይዝ እጄን ያዙኝ። «ከለስላሳው ጀምር። ለስላሳው ካልቻለ ነው ሻካራው የሚጠራው።» ፖሊሹን ስፖንጅ ላይ አደረግሁ፤ ሦስት ጠብታ፣ እያንዳንዷ ሽምብራ የምታህል። በክንድ የማይበልጥ ቦታ ላይ ብቻ፣ መጀመሪያ በቀስታ ቀባሁት፣ ከዚያ መካከለኛ ጉልበት እየሰጠሁ ወደፊትና ወደኋላ፣ ቀጥሎ ከላይ ወደታች። እሳቸው በክብ ማሸት አይወዱም፤ በክብ የታሸ ቦታ ስህተት ቢቀርበት ከየትኛውም አቅጣጫ ይታያል ይላሉ። ፖሊሹ ነጭ ሆኖ ይጀምርና እየሳሳ፣ እየጠራ፣ ዘይት የተቀባ ወደ መምሰል ሲደርስ ይቆማል። በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጠረግሁት።

አየሁ። እዚያ ቦታ ከነበሩት አምስት ጭረቶች ሦስቱ የሉም።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ለመናገር ቃል ያጥረኛል። ጋሼ ግን ፊታቸውን አልፈቱም። የፋርማሲ አልኮል በእኩል ውሃ አቅጥነው በጨርቅ አሳለፉበት። ከሦስቱ አንዱ ተመልሶ ብቅ አለ። «ፖሊሽ ውስጥ ዘይት አለ። ዘይቱ እንደ ያኔው ውሃ ቦዩን ሞልቶ ይደብቅሃል። ሳምንት ቆይቶ ሲታጠብ ይገለጣል። ዘይቱን አስወግደህ ሳታይ ጨርሻለሁ አትበል።» ስንት ሰው መኪናውን «ፖሊሽ አስደርጎ» በሁለተኛው ዝናብ ጭረቱ የተመለሰበት ምክንያቱ ይኸው ነው።

እንዲህ እያልን፣ ለስላሳው ያልቻለውን በኮምፓውንድ፣ ኮምፓውንዱ የተወውን ጉም መልሰን በለስላሳው፣ ቅዳሜንና እሑድን ፈጀን። ሁለት ክንዴ እስኪዝል፣ ትከሻዬ እስኪቃጠል። እሑድ ማታ አሥራ ዘጠኙ የፀጉር ጭረቶች በአልኮልም ተጠርገው አልተመለሱም። እህቴ ከሥራ መጥታ በስልኳ መብራት ጎኗን ዞረች። ምንም አላለችም፤ ጋሼን ግን ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

እዚያ ላይ ብቆም ኖሮ ጥሩ ነበር።

ሦስቱ ጥፍር የሚያንገራግጩት ግን ዓይኔን አላስተኙትም። ጋሼ ለእነሱ መንገዱን አሳይተውኝ ነበር፤ ባለ 2000ው ወረቀት ሩብ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በጣት ሳይሆን በጠፍጣፋ ጎማ ላይ ተጠቅልሎ፣ ሳሙና ያለው ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ጭረቱ ላይ ብቻ አምስት ስድስት ምልልስ፤ ጠርጎ ማየት፤ እንደገና አምስት ስድስት። ከዚያ ባለ 3000ው፣ ከዚያ ኮምፓውንድ፣ ከዚያ ፖሊሽ። የሚወርደው ውሃ ወተት ከመሰለ ክሊሩ ላይ ነህ፤ የመኪናው ቀለም ከታየበት አልፈሃል። ማክሰኞ ሁለቱን እሳቸው አጠገቤ ቆመው ሠራሁ። ጭረቶቹ ሙሉ በሙሉ አልጠፉም፤ በደንብ አጎንብሶ ለፈለገ ሰው ይገኛሉ። «ይበቃል» አሉኝ። «ሁሉን ልጨርስ ያለ ሁሉን ያጣል። ሦስተኛውን ነገ አብረን እናየዋለን።»

ረቡዕ ማታ ጋሼ ለቅሶ ሄደው ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። ሦስተኛው ጭረት ከኋላ ስፖርቴሎ ላይ፣ የጎኑን ጠርዝ መስመር አቋርጦ ያልፋል። ፕላስተሩ ውሃ ነክቶት ተላቆ ነበር፤ «ለጥቂት ምልልስ ነው» ብዬ ሳልመልሰው ጀመርኩ። የጎማውንም ጠፍጣፋ ትቼ ወረቀቱን በጣቴ ያዝኩት። አምስት አልኩ፣ አሥር አልኩ፤ በድንግዝግዙ ውሃው ምን መልክ እንዳለው አይታየኝም። ስጠርገው ጨርቄ ላይ ግራጫ ብር ወጣ። ጠርዙ ላይ ባቄላ የምታህል ቦታ ክሊሩን አጥታ፣ ደብዝዛ፣ እንደ ታወረች ዓይን አየችኝ።

እጄ ተንቀጠቀጠ። ሃያ ዓመት ፀሐይና ዝናብ ያልደፈረውን ገላ እኔ በሦስት ደቂቃ ገፈፍኩት። ጥፋቱ የወረቀቱም የብርሃኑም አይደለም፤ የእኔ ነው፤ ተነግሮኝ ነበርና።

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ አዩት። አልቆጡኝም። የበሩ ምሰሶ ላይ ያለውን የፋብሪካ ሰሌዳ አስነበቡኝ፤ የቀለሙ መለያ ቁጥር እዚያ ላይ ተጽፏል። ብርማ ሁሉ አንድ ብር አይደለም፤ ቶዮታ ብቻውን ብዙ ዓይነት ብርማ አለው፣ መለያው ካልተያዘ የቀለም ቤቱ ሰው በግምት ነው የሚደባልቀው። በመለያው የተደባለቀች ትንሽ ጠርሙስ ቀለምና ክሊር አመጣሁ። ጋሼ በቀጭን የሥዕል ብሩሽ ጫፍ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ባቄላዋን ሸፈኗት። ያንን ግራጫ የሚታይበትን ከእጀታው በታች ያለውን ጭረትም አልፈተጉትም፤ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ቀለም እያንጠባጠቡ ሞሉት፣ ክረምት ሲመጣ ውሃ ገብቶ እንዳያዝገው። ሁለቱም ቦታዎች ዛሬ ድረስ ይታያሉ። ብርማ ቀለም ውስጥ ያለው የብረት ቅንጣት በመርጫ ሲረጭና በብሩሽ ሲነካ አተኛኘቱ አንድ ስላልሆነ በብሩሽ የነካኸው ጠቆር ብሎ ይቀራል።

አሁን ወደ ሚስማሩ እንመለስ።

ሰኞ ማታ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ከማንሳቴ በፊት፣ ጋሼ ሊወጡ ሲሉ የምሽቱ ፀሐይ በዲኤክሱ ኮፈን ላይ አርፎ ነበር። ቆመው አዩት። ፀሐይዋ በቀለሙ ላይ በምትታይበት ቦታ ዙሪያ፣ እልፍ ቀጫጭን ክብ መስመር፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ተዘርግቶ ይታያል። እኔ ሁልጊዜ የዕድሜ ነገር ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ድሩን አዩ፤ ከዚያ በሩን አዩ፤ ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን ጨርቅ አዩ።

«ጋሼ፣ ጨርቁ ነው?»

«አቧራው ነው። አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ ከብረት ይጠነክራል። ጨርቁ ጎትቶ ያስኬደዋል እንጂ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ አልነግረውም። ሰው ከሚወደው ነገር ላይ እጁን አንሳ አይባልም። አንተ ልጁ ነህ፤ አንተ እወቅበት» አሉኝና ወጡ።

ሦስት ቀን ተሸከምኩት። እንዴት ብዬ ልንገረው? በየማለዳው የሠራው ሥራ፣ ከቡናው ያስቀደመው፣ ያንን ድር የፈተለው መሆኑን?

ዓርብ የዲኤክሱ ተራ ሆነ። አጥቤ፣ ጥላ አስገብቼ፣ ኮፈኑ ላይ ለስላሳውን ፖሊሽ ጀመርኩ። አባዬ መጥቶ ከጎኔ ቆመ። ጨርቄን ስገለብጠው ሰማያዊ ሆኗል። ዲኤክሱ ክሊር የለበሰ መኪና አይደለም፤ የዚያ ዘመን ብዙ መኪና ቀለሙና መስተዋቱ አንድ ላይ ተቀላቅሎ ነው የተቀባው። ሲፈተግ ቀለሙ ራሱ ጨርቅ ላይ ይወጣል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። አባዬ ግን ደነገጠ።

«ቀለሙን እያነሳኸው ነው!»

«ትንሽ ነው አባዬ። ከላይ የሞተውን ነው።»

የተፈተገውን ቦታ ጠረግሁለት። እውነት እላችኋለሁ፣ እንደ ማታ ሰማይ ጠለቀ። ያልተፈተገው ከጎኑ አመድ መሰለ። አባዬ ሁለቱን እያስተያየ ብዙ ቆየ። መነጽሩን አውጥቶ አደረገ። ጣቱን ድሩ ላይ አሳለፈ።

«ይሄ ከምን መጣ?»

እጄ ቆመ። «ከአቧራው ነው፣ አባዬ። ደረቅ ሆኖ ሲጠረግ... አሸዋው ይጭረዋል።»

አልመለሰልኝም። ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ፣ ተመለሰ።

«ሠላሳ ዓመት» አለ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ሌላውን ስፖንጅ አነሳ። «እስቲ እንዴት ነው፣ አሳየኝ።»

እስከ ማታ አብረን ፈተግን። ጠርዝ ጠርዙን ፕላስተር የለጠፈው እሱ ነው፤ እኔ ስለ ባቄላዋ ነግሬው ስለነበር አንድም ጠርዝ አላመለጠውም። ድሩ ሁሉ አልጠፋም። ያን ሁሉ ላጥፋ ቢባል ለመጪዎቹ ዓመታት የሚቀር ቀለም አይኖርም፤ ግማሹን አደብዝዘን ተውነው። ሰሙን ሁለቱም መኪና ላይ ስስ አድርገን ቀባን፣ ሲደርቅ በንጹሕ ጨርቅ አወለቅን። ቅዳሜ ድንኳን ተተከለ፤ ቤቱ በእንግዳ ተሞላ፤ አባዬም መኪና የሚያይበት ጊዜ አላገኘም።

እሑድ ጥር 25 እህቴ በዲኤክሱ ወጣች። ኮፈኑ ላይ አበባ ከማሰራችን በፊት ከሪባኑ ሥር ለስላሳ ጨርቅ አነጠፍን። ቪትዟ ከኋላ ተከተለች፤ ሚዜዎቹ ባቄላዋን አላዩም፤ እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ከእሷ ላይ ዓይኔን አላነሳሁም።

ሰኞ ማለዳ፣ ቤቱ ገና እንቅልፍ ላይ ሳለ፣ የበሩን ድምፅ ሰምቼ በመስኮት አየሁ። ዲኤክሱ የሠርጉን መንገድ አቧራ ለብሶ፣ መጥረጊያው ሥር የደረቀ የአበባ ቅጠል ተሰክቶበት ቆሟል። አባዬ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። እጁ እንደ ልማዱ ወደ ሚስማሩ ሄደ፤ ጨርቁን አነሳ፤ ወደ ኮፈኑ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ቆመ። ጨርቁን እጁ ላይ ገለባበጠ፣ አጠፈው፣ ተመልሶ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው።

የውሃ ቀን አልነበረም። የበርሜሉን ክዳን አንስቶ በጀሪካን መቅዳት ጀመረ።